ያልጠፋው ካሴት

ብሪያን ሺምኮዊትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ አንድ አሮጌ ካሴት አገኘ። ካሴቱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሳለ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ የሠራው ነው፤ አኮርዲዮኑንም ሲንተሳይዘሩንም ኤሌክትሪክ ፒያኖውንም ራሱ እየተጫወተ፣ ከበሮውን ለማሽን ትቶ። ሺምኮዊትዝ ከአፍሪካ ገበያዎች የሰበሰባቸውን ካሴቶች እንደገና የሚያሳትም አነስተኛ ድርጅት አለው። የኃይሉን ስልክ አፈላልጎ ደወለለት፤ ተስማሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራው በሸክላ ታትሞ ወጣ። በዓመቱ ደግሞ ኃይሉ ከዋልያስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1977 አዲስ አበባ ላይ በካይፋ ሪከርድስ ያሳተመው «ቸ በለው» ተከተለ። ሺምኮዊትዝ በደወለለት ጊዜ ኃይሉ ዋሽንግተን አጠገብ ካለው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ ባለታክሲ ነበር። ተራው እስኪደርስ ከመኪናው ኋላ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ እንደነበር ለጠየቁት ጋዜጠኞች ተናግሯል።

ታሪኩ ያምራል። የውጭዎቹ ጋዜጦችና መጽሔቶችም አምሮላቸው ጽፈውታል። ጠፍቶ የተገኘ ሙዚቃ፣ ተረስቶ የተገኘ ሙዚቀኛ እያሉ። እኔ በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የፈለግኩት ይህችኑ «ጠፍቶ ተገኘ» የምትለዋን አባባል ነው። ቀላል ትመስላለች እንጂ ብዙ ነገር ተሸክማለች።

ካሴቱ የጠፋ አልነበረም። የሚሸጥ ነበር። አንድ የባሕር ዳር ነጋዴ መደርደሪያው ላይ አኑሮት፣ ዋጋ ቆርጦለት፣ ገዢ እየጠበቀ ነበር። ገንዘብ ከፍሎ የገዛውን ዕቃ «ጠፍቶ አገኘሁት» የሚል ሰው፣ ጠጅ ቤት ገብቶ አንድ ብርሌ ከጠጣ በኋላ ጠጅ አገኘሁ ብሎ እንደሚፎክር ያለ ነው። ሰውየውስ ጠፍቶ ነበር? ኃይሉ መርጊያ ቤቱንም መንገዱንም አልሳተም። ስልኩን ለፈለገው ስልኩ ይሠራ ነበር። ታዲያ ከማን ነው የጠፋው? አንድ ነገር ጠፋ ለማለት መጀመሪያ የፈለገው ሰው መኖር አለበት።

የጠፋ ነው ብንል እንኳ በእኛ ሀገር ልማድ የጠፋን ዕቃ ያገኘ ሰው የዕቃው ጌታ አይሆንም። ከብት ሲጠፋ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይለፈፋል፤ ሰነድ ሲጠፋ በግንብና በምሰሶ ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል። «ላገኘልኝ ወሮታውን እከፍላለሁ» ይላል ማስታወቂያው። አግኚው የሚያገኘው ወሮታ ነው፤ ላሚቱ ወደ ባለቤቷ በረት ትመለሳለች። እንግዲህ አሮጌ ሙዚቃን ዳግም ያሳተመ ሰው አግኚ ነው ከተባለ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ለማን መለሰው?» የሚል ነው።

ይህን የምጽፈው ከደብረ ታቦር ነው። ካሴቱ ከተሸጠበት ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በወረታ በኩል ወጥቶ ወደ ደጋው መውጣት ነው። እዚህ አካባቢ ፈረንጅ መጥቶ አንድ ነገር ይዞ ሄደ ሲባል የሰው ልብ ወዲያው የሚሄደው ወደ መቅደላ ነው። ነገሩም አይፈረድበትም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከዚህች ከተማ ተነሥተው፣ ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን መድፍ እያስጎተቱ ነው መቅደላ የወጡት፤ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተሰበሰበውም መጽሐፍ እዚያው ተከማችቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከዘረፈው ውስጥ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት የብሪታኒያ ሙዚየም ገቡ። ስለዚህ አንዳንድ ወዳጆቼ ስለ ሸክላው ሳጫውታቸው «ያው የድሮው ነው፣ ወሰዱት» ብለው ይዘጉታል።

በዚህ አልስማማም። ብራና ሲወሰድ ቦታው ባዶ ይቀራል፤ ቀዳሹ የሚያነበው ያጣል። ካሴት ተገዝቶ ሲባዛ ግን ከማንም ጆሮ የተነጠቀ ድምፅ የለም። ሺምኮዊትዝ አልዘረፈም፤ ሠሪውን ፈልጎ ጠይቋል፣ ተዋውሏል፣ ስሙን ጽፏል። በዚህም የተነሣ ኃይሉ እንደገና መድረክ ላይ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ ሥራ አሳተመ። ይህን ከዝርፊያ ጋር አንድ ማድረግ ዘራፊውን ማቅለል ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ወደ እሱ ለመድረስ ግን ትንሽ ዞር ማለት ያስፈልጋል።

ሸክላ የምንለው ነገር ራሱ ስሙ ይገርመኛል። የሙዚቃ ዲስክን በዚህ ስም ማን እንደጠራው ባላውቅም ስሙ ጥሩ ስም ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ዲስኮች እንደ ጀበናና እንደ ገንቦ ከእጅ ሲወድቁ የሚሰበሩ ነበሩ። ሸክላ ሠሪና አዝማሪ ደግሞ በዚህ በደጋው ሀገር በአንድነት የተናቁ ባለሙያዎች ናቸው። በአንደኛዋ ድስት ወጥ እየሠሩ፣ በሌላው ዘፈን ሠርግ እየደገሱ፣ ለልጃቸው ግን ከሁለቱም ቤት ሚስት አይፈልጉም። ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ናት ይሏታል። (ከሥራ ሁሉ የሚያስቀው፣ የኢትዮጵያን አሮጌ ሸክላዎች «ኢትዮፒክስ» በሚል ርዕስ በተከታታይ ጥራዝ ዳግም ያሳተመው የፈረንሳይ ኩባንያ ስሙ ቡዳ ሙዚክ ነው። ፈረንሳዮቹ ሌላ ነገር ማለታቸው ይሆናል፤ ደብረ ታቦር ላይ ይህን ስም በር ላይ ለጥፎ የሚነግድ ግን ብዙ ደንበኛ አይኖረውም።) የእነዚህ የሁለት የተናቁ ሙያዎች ስም ያረፈበት ዕቃ ዛሬ በፓሪስና በቶኪዮ ሰብሳቢዎች እጅ እንደ ጌጥ ይያዛል።

ሸክላ የማሳተሙ ታሪክም ከሕግ ጋር በመጋጨት የጀመረ ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሙዚቃ ቀርጾ የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል የሙዚቃ መደብር የነበረው ወጣት ድንጋጌውን ተላልፎ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀረጸና ሕንድ ሀገር ልኮ አሳተመ። ሊታሰር ይችል ነበር፤ አልታሰረም። እስከ 1975 ባለው ጊዜ ውስጥ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችና 12 ያህል አልበሞች አወጣ፤ ከዚያ አብዮቱ መጣና ወደ አሜሪካ ሄደ። በ1970ዎቹ ማብቂያ ሸክላው ራሱ ከሀገር ጠፋ፤ ካሴት ተካው። «ቸ በለው» ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነው። ሰዓት እላፊ በታወጀበት፣ ቀይ ሽብር በደራበት በዚያ ዘመን በሂልተን ሆቴል የሚጫወቱ ሙዚቀኞች የሀገሩን ዜማ ቃል ሳይጨምሩበት በመሣሪያ ብቻ ተጫውተው ቀረጹት። ቃል ባልነበረው ዘፈን የሚጠየቅ ሰው የለም።

ይህ ሁሉ እንግዲህ የአዲስ አበባ ታሪክ ነው። ደብረ ታቦርና የደቡብ ጎንደር ደጋ ግን አሮጌ ድምፅን ዳግም የማሳተም የራሳቸው ልምድ አላቸው፤ የፋብሪካ እጅ አልነካውም እንጂ። አለቃ ገብረ ሃናን ሀገሩ ሁሉ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው። የፎገራው ናባጋ ሰው መሆናቸውንና ታላቅ የአቋቋም ሊቅ እንደነበሩ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። እንደሚነገረው፣ አለቃ የጣናን ሞገድ አይተው፣ በነፋስ የሚወዛወዘውን ሸምበቆ አይተው፣ በመቋሚያና በሰውነት ማዘንበል የሚታጀብ አዲስ የአቋቋም ስልት አዘጋጁ። የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሉትም። አለቃም ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ፤ ተክሌ ደብረ ታቦር መጥቶ አስተማረው፤ እዚህ ጸደቀ፣ ከዚህም ወደ ሌላው ሀገር ተሰራጨ። ስልቱ ዛሬ በስም የሚታወቀው «የተክሌ አቋቋም» ተብሎ ነው።

ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው አባትየው የተበደሉ ይመስለኝ ነበር። የደረሱት እሳቸው፣ ስሙ የልጁ! አሁን ግን ስመለከተው ሀገሩ አንድ ትልቅ ነገር አስተውሏል እላለሁ። ባይቀበለው ኖሮ ስልቱ ከአለቃ ጋር ይቀበር ነበር። ስለዚህ የተቀባዩ ሥራ ከደራሲው ሥራ ባያንስ ተብሎ ስም ተሰጠው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ተክሌን «አገኘው» የሚል የለም። «ተቀበለው፣ አስተማረው» ነው የሚባለው። የአባትየውም ስም አብሮ ይነገራል። ተክሌ ለስሙ የከፈለው ዋጋም ይታወቃል፤ ስልቱን በገዛ አካሉ ተምሮ፣ በገዛ እግሩ ቆሞ፣ ተማሪ ፊት እያደረ ነው ያሳለፈው።

ወደ ጋይንት ስንዘልቅ ቤተልሔም አለች፤ የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓውን ከየትም ተምሮ የመጣ ደቀ መዝሙር እዚያ ደርሶ ካልተመሰከረለት የድጓ መምህር አይባልም። ለዝማሬና ለመዋሥዕቱ ደግሞ ዙር አምባ አለች። ተማሪው ድጓውን በቃሉ ብቻ አይዝም፤ ራሱ በእጁ ይጽፈዋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በነአዛዥ ጌራና በነአዛዥ ራጉኤል የተደራጁት ምልክቶች ከፊደሉ አናት ላይ በደቃቁ ይሰፍራሉ፤ እያንዳንዷ ምልክት በትክክለኛ ቦታዋ መግባት አለባት። የኔታ ጆሯቸውን አዘንብለው ያደምጣሉ፤ አንዲት ድፋት ከቀረች ተማሪው ወደኋላ ይመለሳል። ይህ እንግዲህ ዳግም ኅትመት ነው፤ አንድ ቅጂ ዓመታት የሚፈጅበት። አሳታሚው ለስሕተቱ በአካል ይጠየቃል። ቅጂውም የተሠራው ሥራው ከሚዘመርበት ቦታ ሳይወጣ፣ ለዚያው ቦታ ነው።

የአዝማሪው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ድጓው እንዳይለወጥ ሲጠበቅ፣ የአዝማሪው ዘፈን ሁለት ቀን አንድ ዓይነት ከሆነ ባለሙያው ሰነፈ ይባላል። ጠጪው ከተቀመጠበት «ተቀበል!» ይላል፤ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ስንኟን ይመልሳታል፤ ከዚያ የራሱን ይጨምርባታል፤ ጨዋታው ይሞቃል። የዚያ ሌሊት ዘፈን ደራሲ ማን ነው? ስንኝ ሰጪው? አዝማሪው? ዜማውን ከማን እንደተማረው የማይታወቀው አያቱ? የባሕላችን ዜማ ወደ ሸክላ ሲገባ ጥያቄው ሳይመለስ ነው የገባው። የሸክላው ወረቀት ቦታው ጠባብ ስለሆነ አንድ ስም ብቻ ይጻፍበታል።

እዚህ ላይ ግን «ተቀበል» የምትለዋን ቃል ልያዛት። የሁለቱም ቤት ቃል ናትና፤ ደቀ መዝሙሩም ከየኔታ ይቀበላል፣ አዝማሪውም ከጠጪው ይቀበላል። መቀበል ማለት ሰጪው በፊትህ ተቀምጦ ሳለ የሰጠህን በትክክል መመለስ ነው። ካጓደልክ ያርምሃል፣ ወይም ይስቅብሃል፤ አሳምረህ ከመለስክ ይሸልምሃል። ማግኘት ግን ብቸኛ ሥራ ነው። ያገኘ ሰው ዕቃውን ብቻ ነው የሚያየው፤ የሚያርመውም የሚስቅበትም የለም። ለእኔ አሮጌ ሙዚቃን ዳግም በማሳተም ሥራ ውስጥ ያለው የሥነ ምግባር ጥያቄ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ ግሦች መካከል ነው ያለው። ሺምኮዊትዝ ስልኩን አንሥቶ ሲደውል ተቀባይ ሆኗል። ካሴቱን ብቻ ይዞ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ፣ የድምፁ ጥራት ምንም ያህል ቢያምር አግኚ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

በዚህ ዓይን ሲታይ ጥሩው ዳግም ኅትመትም ጎደሎው ይታያል። «ቸ በለው»ን የተጫወተው ኃይሉ ብቻ አይደለም። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ብዙ ባንዶች የሚጫወቱት «ሙዚቃዊ ስልት» የግርማ በየነ ድርሰት ነው። ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎኑን፣ ዮሐንስ ተኮላ መለከቱን፣ መላኩ ገብሬ ቤዙን፣ ማሕሙድ አማን ጊታሩን፣ ተማረ ሐረጉ ድራሙን ይዘዋል፤ ሙላቱ አስታጥቄም በእንግድነት አለበት። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ ግማሾቹ እዚያው ቀሩ፣ ግማሾቹ ተመለሱ። ስልክ የተደወለለት መሪው ነው። ይህ የማንም ጥፋት ነው አልልም፤ የሸክላው ወረቀት ጠባብነት አሁንም እንዳልሰፋ ግን ያሳያል። ያየኋቸው የ«ኢትዮፒክስ» ጥራዞችም ማብራሪያቸው ሰፊና በፍቅር የተጻፈ ነው፤ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ። ስንኙን የሰጠው ሰው የማያነበው ማብራሪያ ነው።

በዓሉ ደግሞ እየደረሰ ነው። «ቸ በለው» እ.ኤ.አ. በ2027 50 ዓመት ይሞላዋል። የምዕራቡ ዓለም የሙዚቃ ንግድ ኢዮቤልዩ ይወዳል፤ የታወቀ የሮክ አልበም 50 ዓመት ሲሞላው በወፍራም ሸክላ፣ በተዋበ ሣጥን፣ ከፎቶግራፍ ጋር ተሰናድቶ ይወጣል፤ በወጣትነቱ የሰማው ሰው በሽምግልናው እንደገና ይገዛዋል። እኛም ተሞክሮው አለን፤ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ ጀርመን ሀገር በማሲንቆ የተቀረጹት፣ የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሸክላዎች፣ በ2011 የመቶኛ ዓመት መታሰቢያ ተብለው በሲዲ ታትመዋል። ያሳተማቸው ይኸው ስሙ የሚያስቀው የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። መቶኛ ዓመቱን እኛ ለማክበር አላሰብንም ነበር።

50 ዓመት ግን የበዓል ቁጥር ብቻ አይደለም፤ የሕግም ቁጥር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲ ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ለከዋኙና ለድምፅ ቅጂው አሳታሚ የሚሰጠው ግን 50 ዓመት ብቻ ነው። እንግዲህ አስቡት። ሣጥኑ ተውቦ፣ ሻማው በርቶ ኢዮቤልዩው በሚከበርበት ዓመት፣ ሳክስፎን የነፋው ሰው ሕግ የሚያውቅለት ድርሻ ያበቃል። የበዓሉ ቀንና ዕዳው የሚሠረዝበት ቀን አንድ ላይ ይውላሉ። ነጋዴ ይህን አያጣውም።

ሕግ መጨረሻ ሊኖረው ይገባል ብሎ የሚከራከር ሰው ይገባኛል። ለዘለዓለም የሚያስከፍል መብት ቢኖር ቅዱስ ያሬድን የሚዘምር ሁሉ ባለ ዕዳ ይሆን ነበር፤ የአዝማሪውም ጨዋታ በመጀመሪያው ስንኝ ላይ ይቆም ነበር። ዜማ ወደ ሕዝብ መመለስ አለበት፤ ከሕዝብ ነውና የመጣው። ነገር ግን ሕግ «ከዚህ በኋላ አትጠየቅም» ሲል «ከዚህ በኋላ አታውቀውም» ማለቱ አይደለም። ቤተልሔም ያለው ደቀ መዝሙር ለማንም ገንዘብ አይከፍልም፤ ከማን እንደተቀበለ ግን ይናገራል፣ መምህሩ ከማን እንደተቀበሉም ያውቃል። ገንዘቡ በ50 ዓመት ሊያበቃ ይችላል። የስሙ ሰንሰለት የሚያበቃበትን ዓመት የሚወስን አዋጅ አላየሁም።

እስካሁን ጣቴን ወደ ውጭ ነው የቀሰርኩት። አሁን ወደ ቤት ልመልሰው። ካሴቱ አልጠፋም፣ መደርደሪያ ላይ ነበር ብያለሁ። እውነት ነው። ታዲያ እዚያ መደርደሪያ ላይ ከ20 ዓመት በላይ ሲኖር እኛ የት ነበርን? ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ፣ ወንበሩ ላይ ከተቀመጡት መካከል ስንቱ ሀበሻ ነበር? ስንቱ በሠርጉ ላይ በዜማው ጨፍሯል? ስንቱ ሂልተን ገብቶ ሲጫወት አይቶታል? አሜሪካ ያለው ወገናችን ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ፣ ለዕድርና ለቀብር ስልክ ሲደዋወል ያመሻል። «ያንን ካሴትህን እናሳትመው?» ብሎ የደወለው ግን ሀገሩን በካሴት ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። በዚህ በኩል «ጠፍቶ ነበር» የምትለው ቃል እውነት ትሆናለች። ባለቤቱ ሳይፈልገው የኖረ ነገር፣ ቤት ውስጥ ሆኖም ጠፍቷል ይባላል።

ይህን ሳስብ የራሳችንን ሰበብ አውቀዋለሁ፤ ድህነት ነበር፣ ጦርነት ነበር፣ ሸክላ ማሳተሚያ በሀገሩ የለም። ሁሉም ልክ ነው። ስልክ ለመደወል ግን ፋብሪካ አያስፈልግም። የማስታወስ ችሎታ አነሰንም አይባልም፤ አንዲት ድፋት ስትጎድል የሚሰሙ ጆሮዎች ያሉበት ሀገር ነው። ለዘፈን ሲሆን ነው ጆሯችን የሚደክመው። ድጓው ቅዱስ ነው፤ አዝማሪው ግን የሠርግ ዕቃ ነው፤ ሠርጉ ሲያልቅ ይሸኛል። ማሲንቆውን ትቶ ፒያኖ ላይ የተቀመጠውን ከተሜ ሙዚቀኛም ሳናውቀው በዚሁ ዓይን ነው የምናየው፤ እየጨፈርን እንወደዋለን፣ ዳሱ ሲፈርስ የት እንደሄደ አንጠይቅም። ኃይሉ ታክሲ መንዳቱ ነውር አይደለም፤ የላቡን ነው የበላው። አለመጠየቃችን ግን የእኛ ነው።

ለ2027 ምን እንዲሆን ትፈልጋለህ ብባል ብዙ አልጠይቅም። የሚያሳትመው ማንም ይሁን፣ የተጫወቱት ሰዎች ሁሉ ስም በአማርኛም ይጻፍ። ከሣጥኖቹ አንዱ በብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ ደብረ ታቦር ሰው ገብቶ ሊሰማው በሚችልበት ቦታ ይቀመጥ። ሸክላ ማጫወቻ ግን ደብረ ታቦር ላይ ማግኘት ከባድ ነው፤ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ቤት አንድ አይቻለሁ፣ መርፌው የለም፣ ከላዩ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ተቀምጦበታል። ስለዚህ ሣጥኑ ቢመጣም በፍላሽ ተገልብጦ ነው የሚሰማው። እንደዚያም ይሁን፤ ለእኔ ሸክላው ራሱ ታቦት አይደለም።

ባለፈው ክረምት፣ በቡሄ ዋዜማ፣ ከተማው በችቦ እንጨትና በጅራፍ ጩኸት ተሞልቶ ሳለ፣ ሞባይል የሚጠግንና ዘፈን በሚሞሪ የሚጭን አንድ ልጅ ሱቅ ገብቼ ነበር። «ቸ በለው»ን ከስልኬ ላጫውትልህ አልኩት። መጀመሪያ እጁ ላይ ያለውን ስክሪን እየፈታ ነበር የሚሰማው። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ወረንጦውን አስቀመጠ። እንደገና አስጀምርልኝ አለኝ። በአፉ ዜማውን ተከተለው፤ የሚያውቀው የሠርግ ዜማ ነው፤ በኦርጋን መጥቶበት ነው ግራ የገባው።

«ጋሼ፣ ይኼን የሠራው ሰው አለ?» አለኝ።

«አለ፤ አሜሪካ ነው።»

«ስንት ጊዜው ነው ከሠራው?»

ነገርኩት። አባቱ በዚያን ጊዜ እንዳልተወለደ በጣቱ ቆጠረ። ዘፈኑን ወደ ኮምፒዩተሩ ገለበጠውና የፋይሉን ስም እንዴት ብዬ ልጻፍ አለኝ። የባንዱን ስም፣ የኃይሉን ስም፣ የግርማን ስም አንድ በአንድ ነገርኩት፤ በሁለት ጣቱ እየፈለገ ጻፈ። ቦታው ሞላበትና የመጨረሻውን ስም ለሁለት ቆረጠው። ከዚያ ቀና ብሎ «ስልኩ የለህም?» አለኝ።